የምትስቀው ላምና የያቤሎ ላም

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ይህን የተረተ ሰው ያቤሎን ያየ ይመስለኛል። በከብት ባሕር መካከል ተቀምጠን ስለ አንድ ሳንድዊች ስንከራከር ቢሰማ ኖሮ፣ ተረቱን እንዲህ ባላሳጠረው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዝግታ የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ በላዩ የቀለጠ አይብ፣ ከላይና ከታች ዳቦ፤ ባርቤኪው ሳንድዊች የሚሉት ማለት ነው። ይህን በቤት መሥራት ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን «ይህ የፈረንጅ ምግብ ነው፤ እኛን ጥብስና ክትፎ ይበቃናል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እንብላው፤ ነገር ግን አይቡ ከባሕር ማዶ ካልመጣ፣ ሶሱም በጠርሙስ ካልታሸገ ሳንድዊች አይባልም» ባይ ነው። ሁለቱ በቡና ሰዓት ሲፋጩ ላየ ሰው ጠላቶች ይመስሉታል። እኔ ግን ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው እላለሁ። ሁለቱም ጣዕም የሚመነጨው ከሌላ አገር ነው ብለው አምነዋል፤ የሚለያዩት አንዱ ስለፈራው ሌላው ስለሰገደለት ብቻ ነው።

ለመሆኑ የት ነው ያለነው? ያቤሎ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች የቦረና ዞን ከተማ ናት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት ግምት ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች ነበሯት። ከዚህ ሁሉ መንጋ መካከል ስሙ ባሕር ተሻግሮ የታወቀው አንዱ የእኛው የቦረና ከብት ነው። የኬንያ አርቢዎች «ቦራን» ብለው በስሙ ማኅበር ያቋቋሙለት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዛሬ ዘሩ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ይረባል። ሌላው ዓለም የሥጋውን ጥራት፣ ድርቅና ሙቀት የመቻል ጸጋውን አይቶ በዘር ቆጥሮ ሲይዘው፣ እኛ ከደጃችን ሲያልፍ አቧራውን እየሸሸን መስኮት እንዘጋለን።

የወይፈኑን መንገድ እንከተለው። ከሐሮ ባኬ ወይም ከዱቡሉቅ ገበያ ተገዝቶ በአይሱዙ ይጫናል፤ በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ባሉ ማደለቢያዎች ይሰነብታል፤ ከዚያም ብዙው በጅቡቲ በኩል ከነነፍሱ ይሻገራል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ዋጋ የሚጨመርበት ከእኛ በራቀ ቁጥር ነው። ይህን መንገድ ለማውገዝ አልተነሣሁም፤ አገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሬው ሲሄድ ብልሃቱም አብሮ መሄድ ነበረበት?

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አንዲት ክብ የካርቶን ሣጥን በስጦታ ይዞልን ይመጣል። በሣጥኗ ላይ ጉትቻ ያደረገች ቀይ ላም ትስቃለች፤ ስሟም በፈረንሳይኛ «የምትስቅ ላም» ማለት ነው። ይህች ላም እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በፈረንሳይ የምትታወቅ የተከበረች ላም ናት፤ ከእርሷ ጋር ጠብ የለኝም። የፈጠራው ታሪክ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 ሁለት ስዊሳውያን፣ ቫልተር ጌርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር፣ አይብን ከሲትሬት ጨው ጋር አቅልጠው ሙቀትና ረጅም መንገድ የሚችል ዓይነት ሠሩ። እነርሱ ከወተታቸው የተረፈውን ሩቅ ለመሸጥ ተጨነቁ፤ ተጨንቀውም አገኙ። እኛስ? ዝናብ ሲጥል የተረፈን ወተት እንዳይበላሽ ተጨንቀናል? ላሟ የምትስቀው፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና የሂሳቡን ነገር ልተወው አልችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዶላር የተገዛ አይብ በያቤሎ ዳቦ ላይ መቅለጥ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማብራራት አያሻም። በሬያችንን ሸጠን ያገኘነውን ዶላር መልሰን የላም ሥዕል እንገዛበታለን። በእኔ ሙያ ይህን የመሰለ ሂሳብ ትርፍ ብሎ የሚመዘግብ ሰው ከወንበሩ ይነሣል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን፣ ወደ ባህል ጠባቂው ልመለስ። «የእኛ አይደለም» ትላለህ ወንድሜ። በርበሬህ ከየት መጣ? ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል ነው። ቲማቲምህም እንደዚሁ፤ በቆሎህም እንደዚሁ። በየማለዳው የምትገዛው ፉርኖ ስሙ ጣልያንኛ ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ ተቀብለህ፣ አብስለህ፣ የራስህ አድርገህ ስታበቃ በአንድ ሳንድዊች ላይ ስትደርስ ድንበር ጠባቂ መሆንህ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ባርቤኪው የሚለው ቃል ራሱ የካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ሥጋቸውን ከእሳት በላይ ያሳርፉበት ለነበረው የእንጨት ቆጥ የሰጡት ስም ነው። አሜሪካዊው ከእነርሱ ተቀብሎት የራሱ አደረገው። ምግብ የሚሰደደው እንዲህ ነው፤ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ደግሞስ የባርቤኪው ምስጢር ምንድን ነው? ጢስ ነው። ጢስን ለእኛ ማን ያስተምረናል? የቦረና እናት ጮጮዋን ወተት ከመጨመሯ በፊት በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ የደጋዋ እናትም ቅሏን እንዲሁ። ጢሱ ወተቱን ያጣፍጠዋል፤ ከመበላሸትም ያዘገየዋል። ኢቲቱ የሚባለው የቦረና እርጎ በዚህ ዓይነት ዕቃ ረግቶ ለሳምንታት ይቆያል። ሌሎች ሥጋቸውን ሲያጥኑ እኛ ወተታችንን አጥነናል። እንግዲህ በአንድ ዳቦ ውስጥ ሁለቱ ቢገናኙ የሚሰደብ ባህል የለም፤ የሚከበር እንጂ።

ሁለተኛው ወገን በዚህ ጊዜ ፈገግ ይልና «አይባችን እኮ አይቀልጥም» ይለኛል። ልክ ነው፤ አይቀልጥም። የእኛ አይብ ከአሬራ የሚወጣ፣ በቆምጣጣነትና በሙቀት የሚረጋ ስለሆነ፣ እሳት ሲያገኘው ይደርቃል እንጂ አይፈስም። ነገር ግን ጀርመኖችም ይህን የመሰለ የማይቀልጥ አይብ ነበራቸው፤ «አይቀልጥም» ብለው ከማልቀስ ይልቅ ቅቤና ሶዳ ጨምረው አቀለጡት። «ኮኽኬዘ» ይሉታል፤ «የበሰለ አይብ» እንደማለት ነው። ዘዴው በእኛም ጓዳ ይሠራል። ግማሽ ኪሎ በደንብ የተጠለለ አይብ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ከሻይ ማንኪያ ግማሽ የማትበልጥ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር ጨው በድስት አድርጎ በለዘብተኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። መጀመሪያ አረፋ ይደፍቃል፤ ሶዳው የአይቡን ቆምጣጣነት ሲሰብረው ነው። ከዚያ ጥርጥሩ ይጠፋና እንደ ወፍራም ክሬም ይፈሳል። እንደ ሞዛሬላ ክር እየሳበ አይለጠጥም፤ በሥጋው ላይ ግን ይተኛል፤ ወደ ዳቦውም ይሰርጋል። ሳንድዊች ከአይብ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠይቃል?

ሥጋውም ቢሆን ውድ ብልት አይፈልግም። ለክትፎ የማይሆነው፣ ሥጋ ሻጩ ለቅቅል የሚመድበው ፍሪምባ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ይደር፤ በማግሥቱ የወይራ ስንጥር በተጣለበት ለዘብተኛ ፍም ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይታጠን፤ ከዚያ በድስት ከነክዳኑ አራት አምስት ሰዓት በዝግታ ይብሰል። ያ ጠንካራ ጅማት በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል፤ ሥጋው በሹካ ይተለተላል። ሶሱ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ኮምጣጤና አዋዜ ነው፤ አብረው እስኪወፍሩ ድረስ ማንተክተክ ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል ባሕር ማዶ ሄደን የምናመጣው የትኛውን ነው? ጥሬውን የሚመርጥ ወዳጄም አይቆጣ፤ ጥሬ ሥጋ ኮሶ የሚባል ዕዳ እንዳለው ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ድርቅ ባደቀቀው ምድር ላይ ተቀምጦ ስለ ሳንድዊች መጻፍ ነውር ነው» የሚል ሰው አለ። ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፣ የቦረና ከብት በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ ያየ ዓይን እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በመቶ የሚቆጠር ከብት የነበረው አባወራ ባዶ እጁን በዱቡሉቅ መጠለያ ተቀምጦ እርዳታ ጠብቋል። ሆኖም ያ መከራ ያስተማረንን ትምህርት በትክክል እናንብብ። አርብቶ አደር የሚኖረው ከብቱን አርዶ በመብላት አይደለም፤ ወተቱንና ወይፈኑን ሸጦ እህል በመግዛት ነው። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ይወጣል፤ የከሳ ላም ዋጋ ይወርዳል፤ የበቆሎ ዋጋ ይወጣል። በደኅናው ዘመን ጥሩ ገዢ አጥቶ የቆየ ሰው በክፉው ዘመን ገዢ አያገኝም። ለዚህ ሰው ያዘንን መስሎን ሥጋውንና ወተቱን ከማዕዳችን ብናርቅ ረዳነው ማለት ነው?

በተለይ ስለ ወተቱ ልናገር። በቦረና ቤት ወተቱ በእናት እጅ ነው፤ የምታልበው፣ የምታካፍለው፣ የተረፈውንም ወደ ከተማ ወስዳ የምትሸጠው እርሷ ናት። ከዚያ ሽያጭ ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ የልጁ ደብተር ይገዛል። በበጋ ወተት ሲጎድል ለሕፃናት ይቅደም፤ ያን ጊዜ ስለ አይብ የሚያወራ አፍ ይዘጋ። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲጥል ግን ወተቱ ይትረፈረፋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ያን ጊዜ በቢጫ ጀሪካን ወተት ተሸክማ የመጣች እናት ከቀትር በፊት ካልሸጠች ትከስራለች። ገዢዋ ማን ሊሆን ይገባል? የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝተኛ፣ ማለትም እኛ ነን። ወተቷን ገዝተን፣ አፍልተን፣ አርግተን፣ ንጠን ቅቤና አይብ ብናደርገው የእርሷ ትርፍ የእኛም ስንቅ ይሆናል። እኛ ግን ሻዩን በዱቄት ወተት እናነጣለን፤ አይቡን ከካርቶን እንልጣለን፤ ማታ ደግሞ ስለ አርብቶ አደሩ ችግር በሐዘን እናወራለን። ሐዘናችን ከወጪያችን ጋር አይታረቅም።

አንድ ሳንድዊች ዝናብ አያዘንብም፤ ይህን አውቃለሁ። ጉድጓድ አይቆፍርም፤ የሞተች ላምም አያስነሣም። አንድ ቤት ግን በሳምንት ሁለት ሊትር ወተት አስቦ ሲገዛ፣ አሥር ቤት ሃያ ሊትር ይሆናል። ያን ያህል ወተት በቋሚነት እንደሚፈለግ ያወቀች እናት ደግሞ ከቤቷ የምትወጣው በተስፋ ሳይሆን በሂሳብ ነው። የእኔ ክርክር ከዚህ አይበልጥም፤ ከዚህም አያንስም።

የመጨረሻው ቃሌ ለወንዶች ነው። በየቡና ቤቱ ይህን ክርክር የምናሟሙቀው እኛ ነን፤ ድስቱን የሚያማስለው ግን ሌላ እጅ ነው። ፍሪምባ አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ እኛም በእሑድ ከሰዓት አምስት ሰዓት አናጣም። የቦረና ወንድ ከጥልቁ ኤላ ውስጥ ተሰልፎ፣ እየዘመረ፣ ለከብቱ ውኃ ሲቀዳ ይውላል። ለላሙ ይህን ያህል የሚለፋ ወንድ ባለበት ምድር ለቤተሰቡ ፍም መጠበቅ የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ እፍረቱን ይመርምር። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በሚመጣው የፍስክ እሑድ ጓዳህን ክፈት፤ ጀሪካን የተሸከመችውንም እናት ሳታልፍህ ጥራት። ዋጋዋን ግን አትከራከራት።

በሬው ከበረቱ፣ ወተቱ ከጮጮው፣
ጢሱ ከወይራው፣ ማሩም ከቀፎው፣
ሁሉ ከደጅ ሳለ፣ ሁሉ ከእጅ ሳይርቅ፣
ለምን ባሕር ማዶ ልባችን ይዝለቅ?