ያደረ ምግብና የኮሌራ በሽታ

ስለ ኮሌራ በተነገረ ቍጥር ሰው ሁሉ ውሃን ይከሳል። ክሱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ዶክቶር ጆን ስኖው በለንደን ከተማ የብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ የሕመሙ ምንጭ መሆኑን አስረድተዋል። ነገር ግን ውሃውን አፍልቶ ሲያበቃ ያደረ ወጥ ሳያሞቅ የሚበላውን ሰው እኔ ከኮሌራ ተጠነቀቀ አልለውም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በጊኒ አገር ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ መርማሪዎች የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች አመጋገብ አመዛዘኑ። ያደረ የለውዝ ወጥ የበሉት በብዛት ታመው ሲገኙ፥ የቲማቲም ወጥ የበሉት ግን ያነሰ ተጠቅተው ተገኙ። ምክንያቱም በቤተ ሙከራ ታየ፤ የኮሌራ ተሐዋስያን በለውዙ ወጥ ውስጥ ፈጥነው ሲራቡ፥ በቲማቲሙ ውስጥ ግን ኮምጣጣነቱ እንዳይራቡ ከለከላቸው። ከመብል በፊት እጃቸውን በሳሙና የታጠቡትም ከሌሎቹ ይልቅ ድነዋል። አንባቢ ግን ከዚህ ተነሥቶ ኮምጣጤ መድኃኒት ነው እንዳይል አደራ እላለሁ።

መምህራን ሆይ፥ በሽታው ሰውን በጥቂት ሰዓት ሊገድል የሚችል ነውና፥ ለተማሪዎቻችሁ «ውሃ አፍሉ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የተረፈው ወጥ ተከድኖ ይደር፤ ሲበላም እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ፤ ለብ ማድረግ ማሞቅ አይባልም። ማገዶ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማገዶ ያጠረው ቤት በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሥራ።