መድረኩ የአክሲዮን መሸጫ አይደለም



ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት መምህርት የሆነች እህታችን በር ላይ ጠብቃ፣ «ፓስተር፣ አክሲዮን መግዛት ኃጢአት ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችን። እኛ አፋችንን ሳንከፍት አጠገቧ የቆሙ አንድ አባት ቀድመው፣ «ልጄ፣ ጌታ ሊመጣ ነው፤ የዚህ ዓለም ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ማታ ደግሞ ስልካችን ላይ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰን። ተናጋሪው ራሱን የእግዚአብሔር ባሪያ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ገና በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት አክሲዮን ይጠቅሳል፤ ከዚያም ጌታ በዚህ ዓመት ልጆቹን ባለሀብት ሊያደርግ ስለሆነ በእምነት ግቡ ይላል።

ሁለቱም መልሶች ስህተት ናቸው። ሁለተኛው ግን ከስህተት ያልፋል፤ በጌታ ስም የሚደረግ ንግድ ነው። ዛሬ ዝም የማንልበት ምክንያት አለን፤ ከዚህ ቀደም ዝም ብለን ሰው ተጎድቶብናልና።

ዝምታችን ያስከፈለው

ከጥቂት ዓመታት በፊት «በቀን 3 በመቶ ትርፍ» የሚል የስልክ መተግበሪያ ወደ መካነ ሰላም ገባ። ያመጣው ከመካከላችን የሆነ፣ መዝሙር የሚያገለግል ወጣት ነበር። ሰው ላመጣ ኮሚሽን ይከፈላል። መጀመሪያ የገቡት በእርግጥ ብር ወጣላቸው፤ አንዱም መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ በር ከፈተልኝ ብሎ መሰከረ። እኛ ሽማግሌዎች ነገሩ ሸትቶናል። ነገር ግን ወጣቶቹን እንዳናስቀይም፣ ኋላ ቀር እንዳንባል ፈርተን እልል አልን። ከቦረና ገጠር የሚመጣ አንድ ወንድም ያንን ምስክርነት ሰምቶ ሁለት የእርሻ በሬዎቹን ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ መተግበሪያው አልከፍት አለ። ለሳምንታት «ኔትወርክ ነው» እየተባለ ተጠበቀ። ኔትወርኩ መጣ፤ ብሩ አልመጣም።

በዚያን ጊዜ አንዳችን እርሳስ አንስተን ብናሰላ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። በቀን 3 በመቶ እየተደመረበት የሚሄድ 10 ሺህ ብር በዓመቱ ከ480 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ከምድር በታችም ከምድር በላይም የለም። ሒሳቡን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም ነበር። ምሳሌ 13፥11 በችኮላ የተገኘ ሀብት እንደሚመናመን፣ ጥቂት በጥቂት የሚሰበሰብ ግን እንደሚበዛ ያስተምረናል። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! በቀኑ ግን አልታዘዝነውም።

አክሲዮን ራሱ ምንድን ነው?

አክሲዮን የድርጅት ባለቤትነት ቁራሽ ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ጉባኤው ከወሰነ ድርሻህን ታገኛለህ፤ ሲከስር የአንተም ድርሻ ይቀንሳል። ባንክ እንዳስቀመጥከው ተቀማጭ በፈለግህ ቀን የምታወጣው ገንዘብ አይደለም። ለአገራችን ሰው ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በለጋምቦ ደጋ በግ ለርቢ ሰጥቶ ግልገሉን መካፈል፣ መሬትን ለእኩል ሰጥቶ ምርት መካፈል የቆየ ልማድ ነው። በጓ ብትሞት ሁለቱም ያዝናሉ፤ ብትወልድ ሁለቱም ይደሰታሉ።

ሥርዓት ያለው ገበያም አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ሲወርስ ያ ሁሉ ቆመ። ከዓመታት በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። ወጋገን ባንክ ቀድሞ የተመዘገበ ባንክ ሆነ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የድርሻውን 10 በመቶ በቴሌብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ማለትም 999,900 ብር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ከፍለውበታል። ከገዙት መካከል የእኛ ምዕመናን ይኖራሉ። በሕጋዊ መንገድ፣ ዋጋው ተነግሯቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተዋል። በዚህ ምን ኃጢአት አለ?

«የዓለም ነው» ለምትሉ

አባቶቻችንን እናከብራለን። ነገር ግን ገንዘብን በቤት ወይም በባንክ ማስቀመጥም የራሱ አደጋ እንዳለው መካድ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሮጥ የቁጠባ ወለዱ ዝቅተኛ መጠን 7 በመቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ብለን ለዓመታት ባንክ ያስቀመጥነው ብር ቁጥሩ አልቀነሰም፤ የሚገዛው ቆርቆሮ ግን አነሰ። ጥንቃቄ የመሰለን እንቅልፍ ነበር።

ኤርምያስ 32ን አንብቡ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች፤ ነቢዩ ራሱ እስር ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ምስክሮች አቆመ፤ ብሩን በሚዛን መዘነ፤ ውሉም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። የጌታን መምጣት የሚጠብቅ ሰው ለነገ አይዘራም ያለን ማን ነው? እኛም መንገድ በሚዘጋበት፣ ነገ በማይታወቅበት አካባቢ እንኖራለን፤ ገበሬዎቻችን ግን ማረስ አላቆሙም። ለልጆች ማሰብ አለማመን አይደለም። ሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋ የተወቀሰው ጎተራ ስለነበረው ሳይሆን፣ ለራሱ ብቻ እያከማቸ በእግዚአብሔር ዘንድ ባለጠጋ ስላልሆነ ነው።

«በእምነት ግቡ» ለምትሉ

ከእናንተ ጋር ያለን ጠብ ይበረታል። ከኢየሱስ ስም ጋር ያጣበቃችሁት ትርፍ ከየት መጣ? ያዕቆብ 4 ነጋዴዎች ነገ የሚሆነውን እንደማያውቁ፣ ጌታ ቢፈቅድ ማለት እንደሚገባቸው ያስተምራል። እናንተ ግን ነጋዴው ራሱ የማይደፍረውን ትናገራላችሁ። የታወቀ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ በመግለጫ ሰነዱ ላይ «ሊከስር ይችላል» ብሎ ይጽፋል። በመድረክ ላይ የቆመው ሰባኪ ከእርሱ ያነሰ እውነት ሊናገር ይገባዋልን?

እምነት የድርጅትን ሒሳብ አይተካም። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንክ ዝቅተኛ ካፒታልን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ፣ በምሥረታ ላይ የነበሩት የቀድሞውን መጠን እንዲያሟሉ አጭር ጊዜ ተሰጣቸው። ያልቻሉም ነበሩ። ከእነርሱ የገዛ ሰው ባለ ባንክ እሆናለሁ ብሎ ሲጠብቅ ባንኩ ሳይከፈት ቀረ። የገዢው ጸሎት አላነሰም፤ የጎደለው ካፒታል ነበር።

ደግሞ ጠይቁ፤ ሰባኪው በሚሸጠው አክሲዮን ላይ ኮሚሽን አለውን? ግያዝ የንዕማንን ስጦታ በነቢዩ ስም ተቀበለ፤ ለምጹም ተከተለው። በጎች ለእረኛው የተሰጡት እንዲመግባቸው እንጂ ደንበኛ እንዲያደርጋቸው አይደለም። የመክሊቱን ምሳሌ ጠቅሳችሁ ስታስገድዱንም እንመልስላችኋለን፤ ባሪያዎቹ በጌታቸው ገንዘብ ነገዱ እንጂ የደሃ ጎረቤታቸውን በሬ አላሸጡም።

ለሚያመዛዝን ወገን

መምህርቷ እህታችን የምትፈልገው ስብከት አልነበረም፤ መንገድ ነበር። እኛ የገንዘብ ባለሙያዎች አይደለንም። ለእርሷ የነገርናትን ግን እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ፣ ልትከስሪው የማትችይውን ገንዘብ አታስገቢ። የልጆች ትምህርት ክፍያ፣ የዕድር መዋጮ፣ የዘር እህል፣ የእርሻ በሬ ለአክሲዮን አይሆኑም። ተበድረሽም አትግዢ። ሉቃስ 14፥28 ግንብ የሚሠራ አስቀድሞ ተቀምጦ እንዲቆጥር ይነግረናል።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው፣ ፕሮስፔክተስ የሚባለው መግለጫ ሰነድም እንደጸደቀ ጠይቂ። አንብቢው፤ ካልገባሽ የሒሳብ ሰው አስነብቢ። «ዛሬ ካልገባሽ ያልፍሻል» የሚልሽን አሳልፊው።

ሦስተኛ፣ ሁሉን በአንድ ቦታ አታድርጊ። መክብብ 11፥2 ለሰባትና ለስምንት ማካፈልን ይመክራል። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ከቻለ ደጋም ቆላም ያርሳል፤ ገብሱን ውርጭ ቢመታው ወደ ዓባይ በረሃ የዘራው ማሽላ ይተርፈዋል። ሚውቹዋል ፈንድ የሚባለውም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ የብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ተሰብስቦ በባለሙያ እጅ በብዙ አክሲዮኖች ላይ ይከፋፈላል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ለጡረታ የሚቆጥቡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ዕቁብ ግን አይደለም። ዕቁብ ያዋጣሽውን ያህል ይመልስልሻል፤ ፈንድ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል፤ ለሚያስተዳድሩትም ይከፈላል። የክፍያውን መጠን ሳታውቂ አትግቢ።

አራተኛ፣ የዘመኑን ወሬ ከዋጋው ለይው። «የስልክ ክፍያ እያደገ ነው፤ ሕዝባችን ወጣት ነው፤ ባንክ ገና አልተዳረሰም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጤፍ ተፈላጊ መሆኑን ሁሉም ስላወቀ በማንኛውም ዋጋ የገዛ ነጋዴ አያተርፍም። ዘርፉ አድጎ ውድ የገዛው ሊከስር ይችላል። መልካም የሆነውም ቢሆን ዓመታት ይፈልጋል። በመስከረም የተዘራውን በጥቅምት የሚያጭድ የለም።

አምስተኛ፣ ከትርፉ ለማን እንደምትሰጪ ሳትገዢ ወስኚ። 1 ጢሞቴዎስ 6 ባለጠጎችን በሚያልፍ ሀብት ተስፋ እንዳያደርጉ፣ ለማካፈልም የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያዝዛል። ለማካፈል እጁ የማይዘረጋ ሰው አክሲዮን ቢኖረውም ባይኖረውም ያው ነው።

የወሰንነው

እኛ ሽማግሌዎች ተቀምጠን ሦስት ነገር ወስነናል። በአምልኮ ሰዓት፣ በማስታወቂያም ሆነ በምስክርነት፣ የማንም አክሲዮን አይሸጥም። ከእኛ አክሲዮን ያለው ካለ ለጉባኤው ያሳውቃል። ለጣሪያው የተሰጠው ገንዘብ ደግሞ ለጣሪያ የተሰጠ ነውና ገበያ አይገባም፤ እጃችን ላይ ባለው ልክ ቆርቆሮ ገዝተናል፤ ግማሹን ክረምቱ ሳይገባ ለብሰናል።

በሬዎቹን ለሸጠው ወንድማችን ይቅርታ ጠይቀናል። ይቅርታ ብቻውን ስለማያርስ አዋጥተን አንድ በሬ ገዝተንለታል። በአንድ በሬ አይታረስምና ከጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ በተራ እያረሰ ነው። ሁለተኛው በሬ አሁንም ዕዳችን ነው። ያንን መተግበሪያ ያመጣውም ወጣት ከደመወዙ በየወሩ እያዋጣ ነው፤ ከመካከላችንም አልወጣም።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ በስሙ ገንዘባችሁን የተቀማችሁ ብትኖሩ፣ የወሰደባችሁ እርሱ አይደለም። እርሱ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሃ ሆነ። ይህን ወንጌል ለመስማት የመግቢያ ዋጋ የለውም።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። ተባረኩ።