ባለቤት የሌለው ወሬ

ርዕሰ አንቀጽ



በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ ጂንካ ከኛ ምን ያህል እንደምትርቅ ሳይጠይቅ ስልኩን አንስቶ መላላክ የጀመረ ብዙ ነበር። ይህ ጠባይ ከኮሮና ዘመን የተረፈን ስለሆነ ያንን ጊዜ ማስታወስ ይገባል።

እንደሚታወሰው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋሲካውም ረመዳኑም በየቤቱ ሆነ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ሲባል የጀጎልን መተላለፊያ የሚያውቅ ሰው ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ እዚህ እኮ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ሌላውን የሚያሳልፈው። ታዲያ ቤት ተቀመጥን። ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ እጁ ስልኩ ላይ ነው።

የዚያን ጊዜዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡት ቁጥር ይጠበቅ ነበር። ቁጥሩ ቢያስፈራም ባለቤት ነበረው። ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚመጣው ግን ተናጋሪው የማይታወቅ የድምፅ መልእክት፣ አገሩ የማይታወቅ የሬሳ ፎቶግራፍ፣ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ «መድኃኒት» ነበር። (የሁለቱ ዋጋ የት እንደደረሰ እናቶች አይረሱትም።) የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው አገራችን ሳይገባ የወሬ ወረርሽኝ መነሳቱን አስጠንቅቆ ነበር።

ሌሊቱን ይህን ሲያይ ያደረ ሰው ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ጭንቀት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሱ ግን «በቃ ያዘኝ!» ይላል፤ ለማረጋገጥም መልሶ ስልኩን ይከፍታል።

ከሁሉ የከፋው የሰው ቤት መጥራት ነው። ከጅቡቲ ወይም ከዐረብ አገር ተመልሶ በለይቶ ማቆያ 14 ቀኑን ጨርሶ የወጣ ሰው ሳይቀር «እገሌ ቤት ገብቷል» እየተባለ ሲላላኩበት፣ ትኩሳት የተሰማው ጎረቤት አፉን ዘጋ። ከመታመሙ ይልቅ መታወቁን ፈራ።

«ስልኩን መጣል ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ከተማችንም በታወከችበት ሰሞን፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። የስልኩ ወሬ ተቋረጠ፤ ጭንቀቱስ ቀረ እንዴ? ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ በዋትስአፕ መስማት አቃተው፤ እናትም ልጄ ምን ሰምቶ ይሆን ብላ ስትጨነቅ ከረመች። በሰፈር የአፍ ወሬ በቦታው ገባ፤ እሱም ባለቤት አልነበረውም።

በአፎቻም ሆነ በእድር የቀብር ጥሪ ይዞ የሚመጣው ሰው ይታወቃል፤ ማን እንደላከው ይናገራል፣ ይጠየቅበታልም። የስልኩም ወሬ በዚሁ ይለካ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ይከለክላል፤ እኛ በር ለበር ያለን ጎረቤታሞች ግን ፍርድ ቤት እስኪጠራን መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ የተናጋሪው ማንነት የማይታወቅ መልእክት ለማንም አይተላለፍ፤ የታመመ ጎረቤት ስምና ቤት በስልክ አይጠራ፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት እየደወልን እንጠይቃቸው። ማኅበራችንም በዚህ ሰሌዳ ላይ ፊርማና ቀን የሌለው ወረቀት አይለጥፍም። ተለጥፎ ካገኛችሁ ንቀሉና ለኮሚቴው አምጡ።