የፕሮፌሰሩ ፈረስ ለምን ተሸነፈ?

የፈረስ እሽቅድድም ላይ ነን። ፈረሶቹ የመጨረሻዋን መስመር እኩል ረገጡ፤ ማን እንደቀደመ በዓይን መለየት አልተቻለም። ነገሩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየና አሸናፊው ታወጀ። ዕድሜው መቶ ስልሳ ዓመት ግድም የሆነው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ፋርንስዎርዝ ያስያዘው ገንዘብ መበላቱን ሲያውቅ ጮኸ፦ ይሄ ግፍ ነው፣ ስትለኩት ጊዜ ውጤቱን ቀየራችሁት!

ትዕይንቱ «ፊውቹራማ» ከተባለው የአሜሪካ አኒሜሽን ኮሜዲ፣ በ2001 ከተላለፈ ክፍል ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ፊዚክስ በደረሰበት ያልደረሰ ተመልካችም ይስቃል፤ ተሸንፎ ዳኛ የሚያማ ሰው የሌለበት አገር የለም። ፊዚክስ የቀመሰው ግን አንድ ተጨማሪ ሳቅ አለው፤ የሽማግሌው ሰበብ እውነተኛ ሳይንስ ነውና። በኤሌክትሮን ዓለም መለካት ማለት ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ቅንጣቷን ለማየት ብርሃን ወይም ሌላ ነገር ሊያርፍባት ግድ ነው፤ ያረፈባት ቅንጣት ደግሞ እንደነበረች አትቀጥልም። የኳንተም ፊዚክስ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ በተለመደው አተረጓጎም መሠረት ቅንጣቷ ከመለካቷ በፊት እዚህ ናት ወይም እዚያ ናት የሚያሰኝ አንድ የቆረጠ ቦታ የላትም። ይህ ሁሉ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ አይሠራም። ፕሮፌሰሩ ትክክለኛውን ሕግ ያለ ቦታው ይዞ ነው ፍትሕ የሚጠይቀው።

በአኒሜሽን ኮሜዲ ውስጥ የሚገቡ የሳይንስ ቀልዶችን ስመዝን እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄው ነው፦ ፊዚክሱ ቢወጣ ቀልዱ ይቀራል ወይ? የሚቀር ከሆነ ፊዚክሱ የግድግዳ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ጌጡ መጥፎ ነው አልልም። አንዳንዴ ግን ከልክ በላይ ይሞገሳል። በ1998 በተላለፈ የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ክፍል ሆመር ሲምፕሰን እንደ ቶማስ ኤዲሰን ፈልሳፊ ልሁን ብሎ ተነሥቶ ጥቁር ሰሌዳ በቀመር ይሞላል። አንደኛው መስመር ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት የሚሰጥ ቀመር ነው። ቅንጣቱ በ2012 በሰርን ቤተ ሙከራ ከተገኘ በኋላ ይህቺ ሰሌዳ ትዝ ያለቻቸው ጋዜጦች «ሆመር ከ14 ዓመት በፊት ተንብዮ ነበር» ብለው ጻፉ። እስቲ እናስላው። የሰሌዳው ቀመር የሚሰጠው 775 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። በተጨባጭ የተለካው 125 ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ጠይቀውት ስድስት ኪሎ የሚመዝን ባለሱቅ ቸር ይባላል እንጂ ነቢይ አይባልም። ቀመሩ የታወቁ የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮችን አባዝቶና አካፍሎ ክብደት የሚመስል ነገር የሚያወጣ ጨዋታ ነው፤ ደራሲዎቹም ከዚያ በላይ ነው ያሉ አይመስለኝም።

እዚያው ሰሌዳ ላይ ያለው ሁለተኛው መስመር ግን ይለያል። 3987 እና 4365 እያንዳንዳቸው ወደ 12ኛ ርቢ ከፍ ብለው ሲደመሩ፣ 4472 ወደ 12ኛ ርቢ ከፍ ሲል ከሚያወጣው ጋር እኩል ናቸው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ እንዲህ ያለ እኩልነት በሙሉ ቁጥሮች አይገኝም የሚለው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሒሳብ ሰዎችን ያስጨነቀውና አንድሩ ዋይልስ በ1995 ባሳተመው ማስረጃ የተቋጨው የፌርማ ሕግ ፈረሰ ማለት ነው። አሥር አሃዝ የሚያሳይ ተራ ካልኩሌተር አምጥታችሁ ብትሞክሩት እኩል ሆኖ ይወጣላችኋል! ልዩነቱ የሚጀምረው ካልኩሌተሩ ከሚያሳያቸው አሃዞች ባሻገር ነው። ሰሌዳውን ያዘጋጀው ዴቪድ ኤክስ. ኮኸን እንዲህ ለጥቂት የሚስቱ ቁጥሮችን የሚያድን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፎ ነው ያገኛቸው።

ተንኮሉን ለማጋለጥ ግን ኮምፒውተር አያስፈልግም። የ3987 አሃዞች ሲደመሩ 27፣ የ4365 ደግሞ 18 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ለሦስት ይካፈላሉ፣ ርቢያቸውም ድምራቸውም እንዲሁ። የ4472 አሃዞች ድምር 17 ነው፣ ለሦስት አይካፈልም። በቃ፣ እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ካልኩሌተሩ የሸወደውን ሰው የአራተኛ ክፍል ሒሳብ የምታድንበት ቀልድ ነውና ለዚህኛው መስመር ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ከሰሌዳው ሁሉ የምወደው ሦስተኛውን ነው። ኦሜጋ በተባለችው ፊደል የሚወከለው ቁጥር ህዋ ውስጥ ያለው ቁስ ምን ያህል የታጨቀ እንደሆነ ይነግረናል። ከአንድ ከበለጠ፣ በድሮው ቀላል ስሌት፣ ዩኒቨርስ አንድ ቀን መስፋቱን ትቶ ወደ ራሱ ይሰበሰባል፤ ካነሰ ለዘላለም ይሰፋል። ሆመር በመጀመሪያ የጻፈው ከአንድ ይበልጣል ብሎ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ይፈርሳል። ምልክቱን ገልብጦ ያንሳል ሲል ደግሞ ይፈነዳል። የአንዲት ምልክት መገልበጥ ነው እንግዲህ የቤቱን ዕጣ የሚወስነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው እንደ ልማዱ ቤቱን የሚያፈርስ ሆመርን ያያል።

የቤት ነገር ከተነሣ፣ በ1995 በወጣው ሌላ ክፍል መምህራን ሥራ ያቆሙና ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሥራ መፍታት ያሰለቻት የሆመር ልጅ ትንሿ ሊሳ ያለ ነዳጅ የሚሽከረከር፣ ይባስ ብሎ እየፈጠነ የሚሄድ ማሽን ትሠራለች። አባቷ ጠርቶ ይቆጣታል፦ በዚህ ቤት ውስጥ የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ይከበራል! «በዚህ ቤት ውስጥ» ብሎ የሚጀምር የአባት ንግግር በምን እንደሚያልቅ እኛም አገር የማያውቅ ልጅ የለም። ልዩነቱ የሊሳ ጥፋት አምሽቶ መግባት አለመሆኑ ነው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይለውጣል የሚለውን፣ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው ማግስት የረሳነውን ሕግ ጥሳለች። እየፈጠነ የሚሄድ ማሽን ጉልበት ከየትም ሳይመጣ እየተወለደ ነው ያሰኛል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እንዲህ ያለ ማሽን ሠራሁ የሚል አመልካች በዝቶበት በ1775 ከእንግዲህ አንመረምርም ብሎ በሩን ዘግቷል። ሆመር ቤት ግን ሕጉ ከአካዳሚው ይልቅ በአባት ሥልጣን ይጠበቃል።

ወደ ሽሮዲንገር ድመት ስንመጣ ቀልዱ ከካርቱኑ በፊት የነበረ ነው። ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1935 ድመቷን ከመርዝና ከራዲዮአክቲቭ ቁስ ጋር ሣጥን ውስጥ የዘጋባት፣ በሐሳቡ ብቻ፣ ሊያስተምርባት አልነበረም። የኳንተም ንድፈ ሐሳብ በዘመኑ በሚተረጎምበት መንገድ እስከ ጥግ ቢኬድ ሞታም ያለች፣ ኖራም ያለች ድመት ላይ እንደሚደረስ አሳይቶ ሊያሾፍ ነው። ዛሬ ግን ድመቷ ቲሸርት ላይ ሳትቀር ታትማ፣ ፌዝነቷ ተረስቶ እንደ ቅዱስ ምሥጢር ትጠቀሳለች። «ፊውቹራማ» በ2011 ፌዙን መለሰላት። ሽሮዲንገር በፍጥነት ሲነዳ በፖሊስ ይያዛል። መኪናው ውስጥ ሣጥን አለ። ምን አለበት? ድመት፣ መርዝና የሲዚየም አቶም። ድመቷ በሕይወት አለች ወይስ ሞታለች? ሣጥኑ እስኪከፈት ሁለቱም ናት። አዲሱ ፖሊስ ፍራይ ይህን ፍልስፍና አልሰማም ብሎ ይከፍተዋል፣ ድመቷም ፊቱ ላይ ትከመርበታለች። ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ብዙ አደንዛዥ ዕፅም ይገኛል። የሳይንቲስቱ ረቂቅ ማብራሪያ ተጠርጣሪ ሁሉ ለፖሊስ የሚደረድረው ምክንያት ሆኖ ቁጭ አለ። ሽሮዲንገር ራሱ ቢያየው የሚስቅ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ መልሱ ከጽሕፈት ክፍሉ ነው። ኮኸን በሃርቫርድ ፊዚክስ ተምሮ በበርክሌይ በኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዟል። ኬን ኪለር በተግባራዊ ሒሳብ ዶክተር ነው፤ ጄፍ ዌስትብሩክ በየል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ ነው። ላቦራቶሪ የጠበቃቸው ሰዎች ቀልድ ጻፉ።

እነዚህ ቀልዶች ሳይንስ ያስተምራሉ የሚባለውን ግን አልቀበልም። ቀልድ ቆሞ ማብራራት ሲጀምር ይሞታል፤ ፋርንስዎርዝም ሰበቡን ቢያብራራ ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር። ያወቀ ይስቃል፣ ያላወቀ በሌላው ይስቃል፣ የከነከነው ሄዶ ይጠይቃል።

ኪለር በ2010 የሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወዲያ ማዶ ነው። በአንድ የ«ፊውቹራማ» ክፍል ውስጥ የፕሮፌሰሩ ማሽን የሁለት ሰዎችን አእምሮ ያለዋውጣል። ጣጣው፣ አንዴ የተለዋወጡ ሁለት አካላት መልሰው እርስ በርስ መለዋወጥ አይችሉም። ገፀ ባሕርያቱ አንዱ ከሌላው እየተቀያየሩ ታሪኩ ሲተበተብ ደራሲው ማሰሪያው የሚፈታው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ቁጭ ብሎ በሒሳብ አረጋገጠው፦ የፈለገውን ያህል ሰው ቢደበላለቅ፣ ገና ማሽኑ ውስጥ ያልገቡ ሁለት ሰዎች ከተጨመሩ ሁሉም ወደየገላው ይመለሳል። ማስረጃው በክፍሉ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የሚያወጡትም የሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ ማንም አይገረምም። የሆመር ሰሌዳ ቢደመሰስ ታሪኩ ባለበት ይቀጥል ነበር። ይሄኛው ከተደመሰሰ ግን ፕሮፌሰሩን ጨምሮ ሁሉም በሰው ገላ ውስጥ ቀርተዋል።