ዶቅዶቄው ከሩቅ ሲገዛ መለዋወጫው ከየት ይምጣ?

ገበሬ በሬ ሲገዛ ሦስት ገበያ ይውላል። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚሸጥ ባለቤቱን ይጠይቃል። ይኸው ገበሬ የማኅበር መሪ ሆኖ ለማኅበሩ ዶቅዶቄ ሲገዛ ግን፣ በስልክ የተላከለትን ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ የአባላቱን ገንዘብ በባንክ የሚልክበት ጊዜ አለ። በሬው ቢያነክስ የሚጎዳው አንድ ቤተሰብ ነው። ዶቅዶቄው ቢቆም የሚጎዳው የማኅበሩ አባል በሙሉ ነው።

ማኅበራት ዶቅዶቄ መግዛታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ብሎ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በአካባቢው ለሚሠራው አዳቃይ ቴክኒሻን መጓጓዣ ለመግዛት ወሰነ እንበል። ምክንያቱ በቂ ነው። ላም በድራት ላይ የምትቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ነው፤ የአገር ዝርያ በሆኑት ላሞች ላይ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። ጠዋት የድራት ምልክት ያሳየች ላም ወደ ማታ፣ ማታ ያሳየች ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ይህ ካለፈ ቀጣዩ ድራት የሚመጣው ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። የጥጃውም የወተቱም ጊዜ በዚያው ልክ ይገፋል። ቴክኒሻኑ አባለዘሩን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይዞ ከጎጥ ጎጥ በእግሩ ሲዞር ውሎ ለሁሉም ላም በሰዓቱ ሊደርስ አይችልም።

እንግዲህ ይህ ዶቅዶቄ ተገዝቶ መጣ፣ በአራተኛው ወር የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰ እንበል። ገመዱ ርካሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን የዶቅዶቄው ዓይነት በአካባቢው የማይታወቅ ከሆነ ገመዱ በወረዳው ከተማ የለም፣ ደብረ ማርቆስም የለም። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ተልኮ ይፈለጋል፤ የሄደውም ሰው ናሙና ሳይዝ ሄዶ የማይገጥም ይዞ ይመለሳል። በዚህ መካከል ሦስትና አራት ሳምንት ያልፋል፤ ዶቅዶቄው በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ በዩሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆማል፤ የደሩት ላሞችም ያልፋቸዋል።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች ወደ ሻጩ ከመደወላቸው በፊት ሊሄዱበት የሚገባው ቦታ የወረዳቸው ከተማ መካኒክ ዘንድ ነው። የሻጩ ርቀት አንድ ጊዜ ተሂዶ የሚያበቃ መንገድ ነው። የመለዋወጫው ርቀት ግን ዶቅዶቄው እስካለ ድረስ አይቀርም። መካኒኩ የትኛውን ዓይነት እንደሚያውቅ፣ የየትኛው ካንዴላ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ካላማዳሪያ በከተማው ሱቅ እንደሚገኝ ይጠየቅ። በገበያ ቀን ከተማው ውስጥ የቆሙትን ዶቅዶቄዎች መቁጠርም ጥሩ ምርመራ ነው፤ ብዙ ሆኖ የሚታየው ዓይነት መለዋወጫው ያለው ዓይነት ነው። በከተማው አንድም አምሳያ የሌለው ዶቅዶቄ በዋጋ ረክሶ ቢገኝ እንኳ ለገጠር ማኅበር አይሆንም።

ከዚሁ ጋር የቬስፓ ነገር መነሣት አለበት። ቬስፓና እርሷን የመሰሉት ሁሉ ያምራሉ፤ እግር ማሳረፊያቸው ሰፊ ስለሆነ ዕቃ ለመጫን ይመቻሉ እየተባለ አንዳንድ ኮሚቴ ልቡ ወደ እነርሱ ሲያደላ ይሰማል። የጣሊያኑ ፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን በ1938 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ያሰበው ለከተማ ሰው ነበር። ጎማዋ ትንሽ፣ ሆዷም ወደ መሬት የቀረበ ነው። ትልቅ ጎማ ያለው ዶቅዶቄ ተንከባሎ የሚያልፈው ጉድጓድ ትንሹን ጎማ ይውጠዋል። በክረምት ደግሞ ጥቁሩ መረሬ አፈር በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን አላዞር ይለዋል። ወደ ጎጥ የሚያስገባው መንገድ አስፋልት ያልሆነለት ማኅበር ስለ ቬስፓ ባያስብ ይሻለዋል። በባትሪ የሚሠሩት ዶቅዶቄዎችም ወደ ገበያው እየገቡ ነው፤ ቤንዚን ፍለጋን ስለሚያስቀሩ ተስፋ የሚጣልባቸው ናቸው። ሆኖም መብራት ባልገባበት ቀበሌ ባትሪው የት እንደሚሞላ፣ ሲደክምስ በምን እንደሚተካ ሳይታወቅ የሚገዙ አይደሉም።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ማን ይሂድ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አበል ተከፍሏቸው ሦስቱም ይሄዳሉ፤ ከሦስቱ ግን ካንዴላ ፈትቶ የሚያውቅ አንድም አይኖርም። አንዱ ቀርቶ በእርሱ አበል መካኒኩ ቢሄድ ማኅበሩ ይጠቀማል። አዲስ ዶቅዶቄ ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሣጥን፣ መሪውና የፊት ጎማው ተፈትቶ ነው፤ የሚገጣጠመው ሻጩ ዘንድ ነው። ስለዚህ አዲስ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ያልጠበቀ ብሎን፣ ዘይት ሳይሞላ የተነሣ ሞተር፣ መጋዘን ውስጥ ቆሞ የሞተ ባትሪ የሚታየው ለሚያውቅ ሰው ነው።

ጸሐፊው ደግሞ ሥራው ወረቀቱ ላይ ነው። በሻንሲው ላይና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ አንዲት ፊደል ብትለይ ሊብሬ የማውጣቱ ሥራ ይሰናከላል፣ ታርጋም አይገኝም። ደረሰኙ በማኅበሩ ስም እንጂ በሊቀ መንበሩ ስም አይቆረጥ። ይህ ሲባል ሊቀ መንበሩን መጠርጠር አይደለም፤ ሰው ከኃላፊነት ይወርዳል፣ ይሞታልም፣ ያን ጊዜ ንብረቱ የማኅበሩ መሆኑን የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ሻጩ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ዋጋ እቀንሳለሁ ቢል፣ ያ ቅናሽ በኋላ በኦዲት ጊዜ የሚመጣውን ጣጣ አይከፍልም። ክፍያውም ዕቃው ታይቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ወረቀቱ ተመሳክሮ ካበቃ በኋላ በባንክ ይፈጸም። ቅድሚያ ካልተከፈለ አላስቀምጥም የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ከሌሎች ሁለት ሻጮች ፕሮፎርማ የተሰበሰበው ለዚህ ጊዜ ነው።

ከገዙ በኋላ ያለው ፈተና ደግሞ ዓባይ ነው። የጭነት ገንዘብ ለማትረፍ ተብሎ አዲሱ ዶቅዶቄ እየተነዳ ይምጣ የሚለው ሐሳብ መጥፎ ሐሳብ ነው። ታርጋ የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መነዳት እንደሌለበት እንተወውና፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ከሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ ነው። አዲስ ሞተር ውስጡ እስኪላመድ ድረስ፣ ይኸውም በብዙዎቹ ዓይነቶች የመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ፣ በሙሉ ኃይሉ መነዳትም ሆነ ለረጅም ጊዜ ዳገት ላይ መታፈን የለበትም። በበረሃው ሙቀት ያን ዳገት የወጣ አዲስ ሞተር ጉዳቱ ያን ቀን አይታይ ይሆናል፤ በዓመቱ ዘይት እየበላ ሲያጨስ ይታያል። በአይሱዙ ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ ይምጣ። ለጭነቱ የሚወጣው ገንዘብ ሞተር ከማሳደስ እጅግ ያነሰ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበርን የበላይ ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤው ሰጥቷል። ስለዚህ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር የዶቅዶቄው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ የታርጋው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ የመጀመሪያው ዘይት ቅያሪና የመለዋወጫው ወጪ አብሮ ይጻፍ። ሁለት የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ካላማዳሪያና አንድ የፍሬን ሸራ ዶቅዶቄው በተገዛበት ቀን አብረው ተገዝተው በመጋዘኑ መዝገብ ገቢ ይሁኑ። ቁልፉ የቴክኒሻኑ እንጂ የሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ አይዋል፤ በየጉዞው የሄደበት ጎጥና የነዳው ኪሎ ሜትር ይመዝገብ። ለሠርግና ለለቅሶ ዶቅዶቄውን አውሱኝ የሚል አባል መምጣቱ ስለማይቀር፣ እምቢ የሚለው ማን እንደሆነም በዚያው ጉባኤ ቢወሰን ይመረጣል።