የሞተር መጋዝ ብቻውን ሙሉ መሣሪያ አይደለም

ስለ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ኮንክሪቱ፣ ተርባይኑና ውኃው ነው። የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግድቡ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ስለ ከፍታው፣ ስለ ስፋቱና ስለሚያመነጨው ኃይል ብዙ ተጽፏል። ውኃው ከመድረሱ አስቀድሞ መጋዝና ገጀራ ይዞ ወደ ቦታው ስለ ገባው የደን መንጣሪ ሠራተኛ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ግድቡ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን ከጀርባው የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬትም ይሸፍናል። ይህ መሬት ባዶ አልነበረም። ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ቀርከሃ የበቀለበት ቆላ ነበር። ዛፉ ሳይነሣ ውኃ ቢተኛበት በውኃው ውስጥ እየበሰበሰ ኦክስጅን ይሻማል፣ ሚቴን የተሰኘውን ጋዝ ያመነጫል፣ ተንሳፋፊ ግንዱም ለጀልባና ለዓሣ ማጥመጃ መረብ እንቅፋት ይሆናል። በመሆኑም ከመጀመሪያው ሙሌት በፊት በ2012 ዓ.ም. የክልሉ ወጣቶች የተሰማሩበት የደን ምንጣሮ ተጀመረ፤ በቀጣዮቹ ሙሌቶችም ቀጠለ። የሥራው አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ጥያቄው ይህን መሰል ሥራ ስንሠራ ለሠራተኛው ከመጋዙ ጋር ምን እንሰጠዋለን የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የሞተር መጋዝ ማለት ሞተሩ፣ ሰይፉና ሰንሰለቱ ብቻ አይደለም። ሥልጠናው፣ የራስ ቁሩ፣ የጆሮ መከላከያው፣ ልዩ ሱሪውና የዕረፍት ሰዓቱ የመሣሪያው አካላት ናቸው። እነዚህን ለይቶ መጋዙን ብቻ መግዛት ፍሬን የሌለውን መኪና ርካሽ ነው ብሎ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ይህን የምለው በርኅራኄ ብቻ ተገፋፍቼ ሳይሆን ፊዚክስ ስለሚያስገድደኝ ነው።

በመጀመሪያ የሚወድቀውን ዛፍ እንመልከት። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም የሆነ ቀጥ ያለ ግንድ እንውሰድ። የስበት ማዕከሉ በቁመቱ አጋማሽ፣ ማለትም በ7.5 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ ቆሞ ሳለ በውስጡ የተከማቸው እምቅ ጉልበት 36,750 ጁል ይሆናል። ይህም አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ግንዱ ከሥሩ እንደ በር ታጥፎ ሲወድቅ ጫፉ መሬት የሚመታው በሴኮንድ 21 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። ከዚያው ከ15 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ግን በሴኮንድ ከ17 ሜትር ብዙም አያልፍም። ተማሪዎች ይህን ልዩነት በማዞሪያ እንቅስቃሴ ሕግ ራሳቸው ቢያሰሉት መልካም ነው። በእርግጥ ቅርንጫፍና ቅጠል ያለው ዛፍ በአየር ስለሚገታ ፍጥነቱ ከዚህ ያንሳል፤ ነገር ግን ቅርንጫፉ ስፋትን ስለሚጨምር አደጋው አይቀንስም። ከቆራጩ በቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ አይገኝ የሚለው መመሪያ የመጣው ከዚህ ነው። ለምሳሌያችን ዛፍ 30 ሜትር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጋዙ ምላሽ ነው። የሰንሰለቱ ፍጥነት በሴኮንድ 20 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የሰይፉ ጫፍ የላይኛው ክፍል ሳይታሰብ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ከነካ ጥርሱ ይነክስና ይያዛል። በዚህ ጊዜ ኒውተን በሦስተኛው ሕጉ እንዳመለከተው ግንዱ መጋዙን በእኩል ኃይል ይመልሰዋል፤ ሰይፉም ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት ይዞራል። የሰው ልጅ አይቶ ምላሽ ለመስጠት በአማካይ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያስፈልገዋል። በዚህች ቅጽበት ሰንሰለቱ 4 ሜትር ተጉዟል። በመሆኑም «ተጠንቅቄ እሠራለሁ» የሚለው ቃል በጎ ፈቃድ እንጂ መከላከያ አይደለም። መከላከያው በራሱ የሚነክሰው የሰንሰለት ፍሬን፣ በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝና ሰውነትን ከሰይፉ መስመር ማራቅ ነው። የልዩ ሱሪውም ምሥጢር ቀላል ነው፤ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ቃጫዎች ሰንሰለቱ ሲነካቸው ተጎልጉለው ይጠመጠሙበትና ያቆሙታል።

ሦስተኛው ጉዳት ደም የማያፈስ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጆሮ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ሊቋቋመው የሚችለው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ነው ተብሎ ይወሰዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ኃይሉ በእጥፍ ስለሚያድግ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በሥራ ላይ ያለ የሞተር መጋዝ በቆራጩ ጆሮ አጠገብ ወደ 109 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ስምንት ጊዜ ለሁለት ስናካፍል 8 ሰዓት የነበረው ከ2 ደቂቃ ያነሰ ይሆናል። ንዝረቱም ዓመታት በቆዩ ቁጥር የጣት ደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል። ጣት ነጭ እየሆነ የሚደነዝዝበት ይህ ሕመም በመጋዝ ሠራተኞች ላይ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን ንዝረት የሚቀንሱ እጀታዎች የተስፋፉትም ከዚያ በኋላ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው። ይህ ቀርከሃ ከደጋው ዘመዱ በተለየ ውስጡ ድፍን፣ ግንዱም ጠንካራ ነው። በወደቀ ዛፍ ተጭኖ የጎበጠ ቀርከሃ ወይም ለጋ ግንድ እንደ ተሳበ ቀስት ነው። በተሳሳተው በኩል ሲቆረጥ የተከማቸውን ጉልበት በቅጽበት ይለቅቃል። ሙያውን በሚያውቁ አገሮችም ቢሆን ይህ አደጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ስዊድን 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት በጣለ ጊዜ ከነፋሱ በኋላ በጽዳት ሥራው ላይም ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዛሬ በዚያ አገር በሥራው የሞተር መጋዝ የሚይዝ ሁሉ ሠልጥኖና ተፈትኖ ማስረጃ መያዝ ግዴታው ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች መኖራቸው አይካድም። አንደኛው «አባቶቻችን ያለ ጓንት በመጥረቢያ ቆርጠዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን መጥረቢያ የሚሠራው በሰው ጡንቻ ልክ ስለሆነ ክንድ ሲደክም ይቆማል። ሞተር ግን የያዘው ሰው ቢደክምም አይደክምም። ሁለተኛው ተቃውሞ ሙቀቱ ነው። ይህ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል፤ ለሰሜን ቅዝቃዜ የተሰፋ ወፍራም ልብስ በጉባ ቆላ ሰውን በሙቀት ሊጥል ይችላል። ይሁን እንጂ መልሱ ልብሱን መጣል አይደለም። ከፊት ብቻ የሚታሰር የእግር መከላከያ መጠቀም፣ ሥራን ማለዳ መጀመር፣ በቀትር ማቆም፣ በቂ ውኃና ጥላ ማዘጋጀት ይቻላል። ሦስተኛው ወጪ ነው። ለዚህ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ የአንድ ወጣት እግር በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ተመዝግቧል?

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው በሄክታር ተለክቶ፣ ቀነ ገደቡ ደግሞ ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ሄክታር የሚከፈልበት ሰው ሄክታር ያመርታል፤ 30 ሜትር መራቅም ሆነ ሰንሰለት መሞረድ በክፍያው ውስጥ ስለሌለ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ስለዚህ የደን ምንጣሮም ሆነ የዛፍ ቆረጣ ውል ሲፈረም የሥልጠናው፣ የመከላከያውና የመጀመሪያ ዕርዳታው ዋጋ በሄክታር ዋጋ ውስጥ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ያልተጻፈ ነገር አይገዛም።

የሐይቁ ምንጣሮ አለፈ፤ ይህ ነገር ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው። ከግድቡ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከሥሩ የሚያድገው ዛፍ በየጊዜው መቆረጥ አለበት፤ በዚያም ላይ የኤሌክትሪክ አደጋ ይጨመራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ የተተከሉት ችግኞች ሲያድጉ መመልመልና መሳሳት ይፈልጋሉ። በአሶሳ ጓሮዎች ያለው ማንጎም መከርከሚያ ይዞ የሚወጣበት ሰው አያጣም፤ ከ5 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚደርሰው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሆኑን ማሰብ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች ናቸው።

እንግዲህ ከእኛ ከመምህራንም የሚጠበቅ አለ። ስለ ጉልበትና ስለ ማዞሪያ ኃይል ስናስተምር በዘንበላይ ላይ የሚንሸራተት ሳጥን ብቻ ለምን እንስላለን? የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከፊዚክስና ከሕክምና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ለቆላው አየር የሚስማማ አጭር የመጋዝ ሥልጠናና የመከላከያ ልብስ ቢያዘጋጁ የተግባር ሳይንስ ማለት እርሱ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የሚቀጥለው ውል ከመፈረሙና የሚቀጥለው ሞተር ከመነሣቱ በፊት ቆመን እንታጠቅ።