ያጠፋነው መስሎን ያልጠፋው



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። ነገሩ የደረሰው በዝግጅት ክፍላችን ውስጥ ቢሆንም በየቤታችሁም ሊደርስ የሚችል በመሆኑ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

እንደምታውቁት በመጽሔታችን ከሚወጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹን በድረ-ገጻችንም ላይ እናወጣለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ከባለቤቷ ጋር ስለገጠማት አለመግባባት ምክር ፈልጋ ጻፈችልን። ደብዳቤዋን መጀመሪያ እንዳለ ወደ ድረ-ገጹ አስገባነው። ቀጥሎም ስሟን ለወጥን፤ የሰፈሯን ስም አወጣን፤ የባለቤቷን የሥራ ቦታ ሰረዝን። ማንም ሊለያት እንደማይችል ካረጋገጥን በኋላ ለአንባቢ ለቀቅነው። አማናችንን የተወጣን መስሎን ነበር።

ሰሞኑን አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት የድረ-ገጹን ሥራ ሊያግዘን መጣና የይለፍ ቃል ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ ቀረበን። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳላስበው የዚህችን እህት እውነተኛ ስም አየሁ። በቀድሞው ቅጂ ውስጥ አለ» አለን። ሄደን ስናይ እውነቱን ነው። ጽሑፉ አርባ ያህል የቀድሞ ቅጂዎች ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ ስሟም፣ ሰፈሯም፣ የባለቤቷ መሥሪያ ቤትም እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ድረ-ገጻችን የሚሠራው ዎርድፕረስ በተባለው፣ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች በሚጠቀሙበት ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጸሐፊው ጽሑፉን አርሞ ባስቀመጠ ቁጥር አንድ ቅጂ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያኖራል። የታረመችው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትሆን እንኳ የሚቀመጠው ጽሑፉ በሙሉ ነው። ባለቤቱ ገደብ ካላበጀለት ደግሞ የቅጂዎቹ ቁጥር ማቆሚያ የለውም።

አሠራሩ የታሰበው ለበጎ ነው። በስሕተት የተደመሰሰ አንቀጽ ተመልሶ ይገኛል፤ ማን ምን እንዳረመም ይታወቃል። ድረ-ገጹን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ነው። ጽሑፉን የማረም ፈቃድ ያለው ሁሉ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን ቅጂ ከሌላው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። እኛም ባለፉት ዓመታት ለስንት ሰው ያንን ፈቃድ እንደሰጠን ስናስብ ደነገጥን።

ለእህታችን ስልክ ደውለን የሆነውን ሁሉ ነገርናት፤ አውፍ እንድትለንም ለመንናት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ወረቀት ቢሆን ቀድጄ እሳት ውስጥ እከተው ነበር። እናንተ ዘንድ ያለውን ግን በምን እጄ ልቅደደው?» አለችን። ይህ አነጋገሯ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ያን ዕለት ከመካከላችን አንዱ፣ «እንግዲያው የቀድሞ ቅጂዎችን ሁሉ ዛሬውኑ እንደምስስና እንገላገል» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ነገሩን ስንመረምረው ግን ይህም ሌላ ጥፋት ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳ።

አንድ ጸሐፊ ስለ ውርስ ሲጽፍ፣ ሟች ልጆች እያሉት ለሚስቱ አንድ አራተኛ ይደርሳታል ብሎ ተሳሳተ እንበል። እንደሚታወቀው አንድ አራተኛ የሚደርሳት ሟች ልጅ ከሌለው ነው፤ ልጅ ካለው ድርሻዋ አንድ ስምንተኛ ነው። ጸሐፊው ስሕተቱን ከወር በኋላ ቢያርምና የቀድሞውን ቅጂ ቢደመስስ፣ በመጀመሪያው ጽሑፍ ተመርተው ንብረት የተካፈሉ ሰዎች ምን ይሁኑ? «እንዲህ ብላችሁ ነበር» ቢሉ ማስረጃቸው የለም። በዚህ ጊዜ የጠፋው ስሕተቱ ሳይሆን የሰዎች ሐቅ ነው።

በዚህ ረገድ ከዑለማዎቻችን የምንማረው አለ። በሐረርና በሌሎችም የአገራችን አካባቢዎች መዝሀባቸው የሚታወቀው ኢማም አሽ-ሻፊዒ (ረሒመሁላህ) ኢራቅ ሳሉ የሰጧቸው ብይኖች «ቀዲም»፣ ወደ ግብጽ ከሄዱ በኋላ በ204 ዓመተ ሂጅራ እስካረፉ ድረስ የሰጧቸው ደግሞ «ጀዲድ» ይባላሉ። በመዝሀቡ የሚሠራው በመሠረቱ በአዲሱ ነው። ሆኖም ተከታዮቻቸው አሮጌውን አልደበቁትም። ይህ ቀዲም ነው፣ ይህ ጀዲድ ነው እያሉ ለይተው አስተላለፉት እንጂ። እንዲያውም በጥቂት ጉዳዮች በቀዲሙ ፈትዋ የሰጡበት ጊዜ አለ። አሮጌን ነገር ማቆየት ነውር አይደለም። ነውሩ አሮጌ መሆኑን ሳይናገሩ መተው፣ ወይም ስሕተትን ለመሸፈን ሲሉ ማጥፋት ነው።

በሌላ በኩል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊምን ገመና ስለመሸፈን ምን ያህል አጥብቀው እንዳስተማሩ ለአንባብያን መንገር አያሻም። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ በሕግ ደንግጓል።

በመሆኑም የቀድሞ ቅጂዎችን በሦስት ከፈልናቸው። የመጀመሪያው የሌላ ሰው ሐቅ ያለበት ነው፤ ይኸውም ስሕተት የታረመበት ቅጂ ነው። ይህ ይቆያል። በጽሑፉ ግርጌም ምን እንደታረመና መቼ እንደታረመ በግልጽ ይጻፋል። ሁለተኛው የሌላ ሰው ምስጢር ያለበት ነው። ይህ ሳይውል ሳያድር ይጠፋል። ሦስተኛው የፊደል ግድፈትና የነጠላ ሰረዝ እርማት ብቻ ያለበት ተራ ቅጂ ነው። ይህ የመረጃ ቋቱን ከማሳበጥ በቀር ጥቅም ስለሌለው በቁጥር ይወሰናል።

ቁጥሩን ለመወሰን በዎርድፕረስ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር መጨመር ይበቃል። እኛ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ 5 ቅጂ እንዲቀመጥ ወስነናል፤ እርማት ያለባቸውን ግን አስቀድመን ለብቻ አኑረናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ገደቡ ቀድሞ የተከማቸውን ወዲያው አያጠፋም፤ ትርፎቹ የሚወገዱት ያ ጽሑፍ እንደገና ታርሞ ሲቀመጥ ነው። ሲያስወግድም ከአሮጌዎቹ ይጀምራል እንጂ የትኛው ቅጂ ምስጢር እንደያዘ አይለይም። ስለዚህ ምስጢር ያለበትን ቅጂ ሰው ራሱ ፈልጎ ማግኘትና ለዚሁ በተዘጋጀ መሣሪያ ወይም በባለሙያ እጅ ማጥፋት አለበት።

ከማጥፋት በፊት መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ግድ ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ መመለሻው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ መጠባበቂያው ራሱ ያንኑ ምስጢር ይዟል! እኛም የዘነጋነው ይህንኑ ነበር። ያ ወጣት ባያስታውሰን ኖሮ የእህታችን ስም ከድረ-ገጹ ጠፍቶ በመሳቢያችን ባለው ዲስክ ውስጥ ይቀር ነበር። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጠባበቂያ መያዝ፣ ማጥፋት፣ ሁሉም በትክክል መሥራቱን ማየት፣ ከዚያም አዲስ መጠባበቂያ ይዞ የቀድሞዎቹን ማስወገድ።

ውድ ወላጆች! «ይህ የድረ-ገጽ ባለቤቶች ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። ዛሬ ብዙ አባወራዎች ወሲያቸውን፣ የዘካ ሒሳባቸውንና የዕዳ መዝገባቸውን ጉግል ዶክስ በተባለው ላይ ጽፈው ለልጆቻቸው ያጋራሉ። ይህም የቀድሞ ቅጂዎችን ያስቀምጣል። አንድ አባት በንዴት ስለ አንዱ ልጁ ክፉ ቃል ጽፎ በማግስቱ ተጸጽቶ ቢሰርዘው፣ የማረም ፈቃድ የተሰጣቸው ልጆች ሁሉ ያንን ቃል ከፍተው ሊያነቡት ይችላሉ። አባት የተጸጸተበት ቃል ከሞተ በኋላ ወንድማማቾችን ሲያጣላ አስቡት!

መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጆች የማንበብ እንጂ የማረም ፈቃድ አትስጡ፤ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የቀድሞ ቅጂዎችን አያይም። የተጻፈው የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው ጽሑፍ ላይ አዲስ ኮፒ አውጡ። አዲሱ ኮፒ የቀድሞውን ታሪክ ይዞ አይሄድም። ከዚያ ዋናውን ሰርዙ፤ ከቆሻሻ መጣያውም አውጥታችሁ ጣሉት፤ አለዚያ እስከ 30 ቀን እዚያው ይቆያል። የዕዳ መዝገብን ግን በዚህ መንገድ እንዳታጠፉ አደራ! አሏህ (ሱ.ወ.) ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ ያዘዘው የሰው ሐቅ እንዳይጠፋ ነውና፣ ማን መቼ ምን ያህል እንደከፈለ የሚያሳየው አሮጌ ቅጂ ምስክር ነው።

የእህታችንን ነገር በተመለከተ፣ የቀድሞ ቅጂዎቹንና አሮጌ መጠባበቂያዎቹን አጥፍተን ስንጨርስ መልሰን ደወልንላት። «አውፍ ብያችኋለሁ። የሌሎቹን ደብዳቤ ግን እዩ» አለችን። በመሆኑም ዛሬ የአንባብያንን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ እየከፈትን በማየት ላይ ነን። ከእንግዲህም የማንም ደብዳቤ ስሙ ሳይለወጥ ወደ ድረ-ገጹ እንዳይገባ ወስነናል። ቀደም ሲል የጻፋችሁልንና የሚያሳስባችሁ ካላችሁ አሳውቁን፤ የእናንተን እናስቀድማለን።

አሏህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።